አሥራ ስድስት ሴራሚክ

ሠልጣኞቿ በሌለችበት «እትዬ ድገሙት» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ በየዓመቱ የሚወጣው ቡድን ለሚገባው ያወርሰዋል። እሷም ታውቃለች። አንዴ ሰሌዳ እያጠፋች ከኋላ ወንበር ሲንሾካሾኩ ሰምታ፣ ዞር እንኳ ሳትል «ድገሙት፣ አልሰማሁትም» ብትላቸው ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ያኔ ጉልበት ነበራት። አሁን ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ስትናገር ኖራ ድምፅዋም አብሯት ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ማዕከሉ በር ላይ ስትደርስ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ትንሽ ትቆማለች። ዘበኛው የታክሲ ግፊያ ያደከማት ይመስለዋል።

ያ አንድ ነገር ይኸው ነው። ስለ እርጅናና ስለ ጤና የሚያጠና ሰው ሥራውን ሲጽፍ፣ ጨርሶ የማያውቀው ሌላ ሰው ወረቀቱን ብቻ አንብቦ እንደገና ሊሠራው፣ ሠርቶም እዚያው ውጤት ላይ ሊደርስ ይገባል። ካልደረሰ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይም ወረቀቱ የዋጠው ነገር አለ። ሲያወሩት እንዴት ይቀላል! የአንዲት ባልቴት ደም ግፊት ለመለካት እንኳ ስንት ጣጣ አለ፤ ወንበሩ መደገፊያ አለው? እግራቸው መሬት ነክቷል? ከመለካታቸው በፊት ስንት ደቂቃ ተቀመጡ? ሽንታቸውን ይዘው ይሆን? ሁሉም ይጻፋል። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ዲግሪውን ደራርቦ የመጣውም መጀመሪያ ቀን ይስቃሉ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች የአንድ ሽማግሌ ክንድ ለክተው ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲመጡ ሳቁ ያበቃል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላቸዋለች ያኔ። «ሌላውን አይደለም፤ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ። ደግሞ ስሙኝ፤ መዝገብ ስትከፍቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት የሆነ ቁጥር ካገኛችሁ፣ እሱን ቁጥር ማንም አልለካውም ማለት ነው። የሰው ገላ ከቀን ቀን አንድ አይሆንም።»

ማዕከሉ ላይና ታች ያለው አሮጌ ሕንፃ ነው። ላይም ታችም ረጅም ኮሪደር አለው፤ በየኮሪደሩ ወለል ላይ ሁለት ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። በሁለቱ መካከል አራት ሜትር ነው። የሠፈር አዛውንት ቀን ቀን ይመጡና ከአንዱ ፕላስተር እስከ ሌላው በለመዱት እርምጃ ይራመዳሉ፤ ሠልጣኙ ስቶፕዎች ይዞ ሴኮንድ ይቆጥራል። ሰው ሲያረጅ እርምጃው ይጎተታል፤ ምን ያህል እንደተጎተተ ማወቅ ስለ ልቡም፣ ስለ ጡንቻውም፣ ወድቆ ስለመሰበሩም ብዙ ይናገራል።

እሷን ያስጠራት ሥራም ይኸው ኮሪደር ላይ የተሠራ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አዛውንቱን ለታችኛውና ለላይኛው ኮሪደር ለሁለት ከፈለቻቸው፤ የሚለኩትም በየኮሪደራቸው ነበር። የታቾቹ መጥተው ተለክተው ይሄዱ ነበር። የላዮቹ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ከወንበር መነሳት መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ መራመድ፣ እግር ማንሳት እየተባሉ ይሠሩ ነበር። ሲጀመር ሁሉም አራት ሜትሩን በአምስት ሴኮንድ ይጨርሱት ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የታቾቹ ወደ ስድስት ሴኮንድ ዘገዩ። የላዮቹ አራት ነጥብ ስምንት! እንኳን ሊዘገዩ ጭራሽ ፈጠኑ። አንድ ጋዜጣ «እርጅና ደረጃ መውጣት አቃተው» ብሎ ጻፈ፤ ማዕከሉ ጽሑፉን በመስታወት አስገብቶ መግቢያው ላይ ሰቀለው። አሁን ደግሞ ያ ሥራ መመሪያ ሆኖ ሊታተምና በአገሩ ላሉ የአዛውንት ማቆያዎች ሁሉ ሊታደል፣ ሽፋኑ ላይ የእሷ ስም ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሷ ልጅ አልወለደችም፤ ባሏም ገና በጠዋቱ ነው የሞተባት። «ምን ትተሽ ታልፊያለሽ?» የሚል ቢመጣ የምታሳየው ነገር ይኼ ብቻ ነበር፤ ያቺ ያልጨመረች ሴኮንድ።

በመጨረሻው ሥልጠናዋ አሥራ ሁለት ሰዎች ገቡ። ደንቡ የቆየ ነው፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የድሮ ጥናት በዕጣ ይደርሰውና በትንሹ እንደገና ይሠራዋል። ውጤቱ ካልገጠመለት ለምን እንዳልገጠመ ያስረዳል። ማስረዳትም ካቃተው የምስክር ወረቀት የለም፣ ሻንጣውን ይዞ ወደመጣበት ነው።

የእትዬ ድገሙት የራሷ ጥናት የደረሰው ከሩቅ ጤና ጣቢያ ለመጣች ነርስ ነበር። ነርሷ የሁለት ልጆች እናት፣ ቀጠን ያለች፣ የያዘችውን የማትለቅ ሴት ናት። ጓደኞቿ «አንቺማ ምን አለብሽ፣ መልሱ መግቢያው ላይ ተሰቅሎልሻል» ብለው ቀኑባት። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ቢሮ መጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።»

«ተቀመጪ። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«ልብስ ሰፊው አባባ የላይኛው ኮሪደር ሰው ናቸው። ትናንት ላይ ስብሰባ ስለነበረ ታች ለካኋቸው፤ ስድስት ሴኮንድ ሆኑ። ዛሬ ላይ ለካኋቸው፤ አራት ነጥብ ስምንት። ያው ሰው፣ ያው ጫማ። ደረጃ መውጣት ያፈጥናል እንበል እንዴ?»

«ደረጃውን ወጥተው ስንት ደቂቃ አረፉ?»

«አሥር።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። ልብስ ሰፊውን ብቻ ሳይሆን ሌሎች አራት አዛውንትም ጨምራ ታችም ላይም አስኬደቻቸው። ሁሉም ታች ይዘገያሉ፣ ላይ ይፈጥናሉ። እትዬ ድገሙት ሌላ ሠልጣኝ ሰዓቱን ይያዝ አለች። ሌላ ሰው ያዘ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ስትመጣ እትዬ ድገሙት ራሷን እያመማት ነበር፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከማተሚያ ቤት ለመጨረሻ እርማት የመጣው ረቂቅ ተከምሯል፣ ስልኩ ይጮኻል።

«እጅሽ ነው» አለቻት። «ሰዓቱን ላይ ስትሆኚ ቶሎ ታቆሚዋለሽ። ውጤቱ አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ስላነበብሽው እጅሽ ወደዚያ እየሄደ ነው።»

«ሰዓቱን የያዝኩት እኔ አይደለሁም እኮ እትዬ።»

«እንግዲያው ያስተማርሽው ሰው እጅ ነው! ሂጂና ድገሚው።»

የነርሷ ዓይን እንባ ሞላ። የፈቃድ ቀኗ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቷታል፤ ልጆቿን ለእህቷ ጥላ ነው የመጣችው፤ ባዶ እጇን ብትመለስ ጤና ጣቢያው ሁለተኛ አይልካትም። እትዬ ድገሙት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ከኋላዋ ልትጠራትና ይቅርታ ልትላትም አስባ ነበር። ግን ከወንበር ለመነሳት እንኳ ስለደከማት ተወችው።

ቤቷ ስትገባ ገና አልመሸም። እናቷ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጠዋል። ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው እንደ ልብ ይሰማል፣ ምላሳቸውም አልዛገም፤ ያረጀው ጉልበታቸው ነው። ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት ባለው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ሁለት ፕላስተር ተለጥፏል። ይህኛውን ልጃቸው በብረት ሜትር ለክታ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የጥናቱ ውጤት በወጣ በሳምንቱ ነው የለጠፈችው። «በየቀኑ ሃያ ጊዜ እማዬ፣ ሥራ ስሄድ ግድግዳውን እየያዝሽ። ጥናቱ እኮ አሳይቷል።» ከዚያ ወዲህ ማታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነው።

«ስንት ሆነ እማዬ?»

«ሃያ።»

ከመሳቢያው ደብተሩን አውጥታ ቀኑን ጻፈች፣ አጠገቡ ሃያ ብላ ጻፈች። አምስተኛው ደብተር ነው።

«ጉልበቴን ዛሬ ክፉኛ ጠዘጠዘኝ» አሉ እናቷ።

«ቢጠዘጥዝሽም መተው የለብሽም። የተዉት ሰዎች አልጋ ላይ ናቸው።»

«እሺ ልጄ። ጥናትሽን አሥራ አንድ ዓመት ሰማሁት፤ እኔም ልመረቅበት ምንም አልቀረኝ።»

ሌላ ጊዜ ይህ ያስቃት ነበር። ያን ዕለት እራቷን ሳትበላ ተኛች።

በማግሥቱ ላይኛው ኮሪደር ላይ የሆነውን ነገር ያስጀመሩት ልብስ ሰፊው ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ሲሆን፣ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ሸጠው ከተቀመጡ ቆይተዋል። ለነርሷ ብለው ለስድስተኛ ጊዜ ደረጃ ወጡ፣ ለስድስተኛ ጊዜ ከፕላስተር እስከ ፕላስተር ተራመዱ። አሁንም አራት ነጥብ ስምንት። ነርሷ ግድግዳ ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

«ምን ሆነሻል ልጄ?»

«እጄ ነው ይሉኛል አባባ። እጄ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም።»

ሽማግሌው ቆም ብለው ወለሉን አዩት። «እኔ እንግዲህ ኮት ሰፍቼ ሰውየውን ቢጠበው» አሉ፣ «ሰውየውንም አልሳደብም፣ እጄንም አልረግምም። መጀመሪያ የማየው ሜትሬን ነው።» ይህን ብለው እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተቱ። ሥራ ከተዉ ስንት ዘመናቸው፣ ሜትሩ ግን ከኪሳቸው አልወጣም ነበር፤ ጠርዙ የነተበ፣ ቁጥሩ የደበዘዘ ቢጫ ሜትር። አጎንብሰው አንዱን ጫፍ ለነርሷ ሰጧት። አንድ ሜትር ተኩል። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ሦስት ሜትር። የቀረውን ለኩ፤ ሃያ ሳንቲ ሜትር።

«በኔ ሜትር ሦስት ከሃያ ነው» አሉ። «አራት የሚሆነው በየትኛው ሜትር እንደሆነ እንጃ።»

ነርሷ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ እትዬ ድገሙትን ጠራቻት። እትዬ ድገሙት የብረት ሜትሯን ይዛ ወጣች፤ የሽማግሌው ሜትር ረጅም ዘመን ተጎትቶ ተለጥጦ ይሆናል ብላ ነበር። ተንበርክካ ለካች፤ ሦስት ሜትር ከሃያ። ከወዲያኛው ጫፍ ጀምራ ለካች፤ ያው። ሴራሚኩን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ ስድስት ላይ ፕላስተሩ ላይ ደረሰች። እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች።

በዚህ መሃል የጽዳቷ ሠራተኛ መወልወያዋን ይዛ መጣች። ለሃያ ሁለት ዓመት ያንን ወለል የወለወለች፣ እሷም ጡረታዋን የምትጠብቅ ሴት ናት።

«ምነው፣ ተላጠ እንዴ?» አለች። «እኔ እቀይረዋለሁ፣ ተዪው አንቺ ልብስሽ ይቆሽሻል።»

«ይኼን የለጠፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! የድሮውን ሴራሚክ አፍርሰው ይኼን አዲሱን ያነጠፉ ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ፕላስተሩን አብረው ጣሉት አይደል? ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቱ። አንቺ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥተሽ ነበር። እኔ ግን የነገርሽኝን አልረሳሁም። 'ቢላጥ አሥራ ስድስት ሴራሚክ ቆጥረሽ ለጥፊ' ብለሽኝ የለ? አሥራ ስድስት ቆጥሬ ለጠፍኩ። አንድ ቀን እንኳ አጉድዬ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ሁሉም ነገር ትዝ አላት። ጥናቱ ሲጀመር ወለሉን በብረት ሜትር ለክታ አራት ሜትር ላይ ስትደርስ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነው የድሮው ሴራሚክ ልክ አሥራ ስድስት ሆኖ አገኘችው። ገጠመላትና ደስ አላት። በየጊዜው ሜትር ይዞ ከመንበርከክ ይሻላል ብላ ለጽዳቷ ሴት በአፏ ነገረቻት፤ መመሪያው ላይ ግን «ከቀይ ፕላስተር እስከ ቀይ ፕላስተር፣ አራት ሜትር» ብላ ብቻ ጻፈች። አዲሱ ሴራሚክ ሃያ ሳንቲ ሜትር ነው። ታችኛው ኮሪደር ደግሞ ጨርሶ አልተነካም። ሁለተኛው ልኬት የተካሄደው ወለሉ በተቀየረ በዓመቱ ነበር። ከዚያም ወዲህ ስንት ሠልጣኝ እዚያ ኮሪደር ላይ ሰዓት ይዟል! ሁሉም በዚያው ፕላስተር ስለሚለኩ ውጤታቸው እርስ በርሱ ይገጥማል፤ መግጠሙን እያየች «ጎበዞች» ስትላቸው ኖራለች።

ሒሳቡ ወረቀት አይፈልግም። ሦስት ሜትር ከሃያን በአራት ነጥብ ስምንት ሴኮንድ የሄደ ሰው አንዱን ሜትር በአንድ ሴኮንድ ተኩል ሄዷል። አራቱን ሜትር ቢሄድ ስድስት ሴኮንድ። የታቾቹም ስድስት። ላይም ታችም ያሉት እኩል አርጅተዋል፤ እርጅና ደረጃውን ከወጣ ቆይቶ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ራሳችሁን ጠርጥሩ እያለች ስትጮህ የራሷ ጆሮ ሳይሰማት ቀርቷል። አፈረች። ከሐፍረቱ የባሰው ግን ድካሙ ነበር፤ ሠላሳ አንዱ ዓመት በአንድ ጊዜ ትከሻዋ ላይ የተቀመጠ መሰላት።

ነርሷ እጇን ይዛ አስነሳቻት። የጽዳቷ ሴት ግራ ገብቷት «አጠፋሁ እንዴ?» አለች።

«አላጠፋሽም» አለች እትዬ ድገሙት። «ያልኩሽን ነው ያደረግሽው።»

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ ኃላፊው ገባች። ኃላፊው ከሃያ ዓመት በፊት የእሷ ሠልጣኝ ነበር፤ አሁን ፀጉሩ ሸሽቶ፣ ሆዱ ቀድሞት ይገባል። ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን አንድ በአንድ ሰምቷት ሲያበቃ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ማተሚያ ቤት ገብቷል እኮ እትዬ። ለእንግዶቹ ጥሪ ተበትኗል። እርስዎም በአራት ወርዎ ይሄዳሉ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልታየ ነገር ለአራት ወር ባይታይ ምን ይሆናል? ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታው አይነቅዝም። አዛውንቱ ናቸው የሚነቅዙት። መመሪያው ሲታደል ማቆያዎቹ ሁሉ ሌላውን ትተው ይኼን ይይዛሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«እንቅስቃሴ መቼም አይጎዳም።»

«አይጎዳም አላልኩህም፣ አይጠቅምምም አላልኩም። እኔ አላሳየሁም ነው የምልህ። ሌላ ሰው ያሳይ፤ በትክክለኛ ሜትር።»

ኃላፊው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የጽዳቷ ሠራተኛ በስህተት ያለቦታው ለጥፋው ነው ብለን አጭር ማስተካከያ እናውጣ። ያኔ የእርስዎ ስም አይነካም። እሷም ብትሆን ማን ያውቃታል?»

እትዬ ድገሙት ወደ ቢሮው ከገባች ጀምሮ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው እዚህ ላይ ነው። «እኔ አውቃታለሁ! በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ የነገርኳትን ሳትጨምር ሳትቀንስ የፈጸመች ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት። አንተ ራስህ እንደሷ አልነበርክም፤ የሙቀት መለኪያ ሦስት ጊዜ ሰብረህብኛል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ በእኔ ስም ይጻፋል። ማተሚያ ቤቱን አስቁም።»

«ስምዎ እኮ ነው እትዬ...»

«ስሜን እዚህ ቤት ሁሉም ያውቀዋል። ድገሙት አይደል?»

ኃላፊው ጆሮው ድረስ ቀላ። ሠልጣኝ ሳለ ስሙን ለሚቀጥለው ቡድን ካወረሱት አንዱ እሱ ነበር። ስልኩን አነሳና ማተሚያ ቤቱን ጠራ።

በሳምንቱ ሥልጠናው አለቀ። እትዬ ድገሙት የመጨረሻ ትምህርቷን ስታስተምር ከመግቢያው ያን በመስታወት የተሰቀለ ጋዜጣ አውርዳ ይዛ ገባች። ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረች፤ በአንዱ ላይ አሥራ ስድስት ትልልቅ ሴራሚክ፣ በሌላው ላይ አሥራ ስድስት ትንንሽ ሣለች። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ በአፏ የነገረችውን፣ ያልጻፈችውን፣ ነርሷን «እጅሽ ነው» ያለቻትንም ጭምር። «ራሴን ሳልጠረጥር አንቺን ጠረጠርኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት በሁሉም ፊት። አንዱ ሠልጣኝ እስክሪብቶውን እየከፈተ እየዘጋ መሬት መሬት ያይ ነበር። የምስክር ወረቀቱን መጀመሪያ የተቀበለችው ነርሷ ናት። ልብስ ሰፊውም ተጠርተው መጥተው ነበር፤ አጨበጨቡና «እኔስ? ስድስት ጊዜ ደረጃ የወጣሁት ለምን ነበር?» ሲሉ ክፍሉ ትንሽ ዘና አለ።

የማስተካከያው ደብዳቤም ተጻፈ። ጥናቱን ላወጣው መጽሔት፣ ለጋዜጣው፣ መመሪያውን ለሚጠብቁት ማቆያዎች ሁሉ አንድ አንድ ተላከ። ከታች የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። እስከዚያ ድረስ ያልነገረችው አንድ ሰው ብቻ ቀርቷታል።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። እናቷ እንደ ወትሯቸው ተቀምጠዋል። እሷ ግን «ስንት ሆነ?» አላለችም። ጫማዋን እንዳደረገች ከፊታቸው ባለው አነስተኛ ወንበር ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ተሳስቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«ጥናቱን። ፕላስተሩ ያለቦታው ነበር፤ የላዮቹ አልፈጠኑም፣ መንገዱ ነው ያጠረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉልበትሽን ያሰቃየሁት ሳላውቀው ነው። ይቅር በይኝ።» ለማዕከሉም፣ ለኃላፊውም፣ ለክፍሉ ሙሉ ሰው ስትናገር ያልመጣው እንባ አሁን መጣ።

የእናቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች። የሚያለቅሱ መስሏት እጃቸውን ስትይዝ፣ እየሳቁ ነበር።

«አይ ልጄ! እኔስ መቼ ሄድኩና?»

«ምን?»

«ሃያውን። መጀመሪያ ሰሞን ሄጃለሁ፣ አልዋሽም። ኋላ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን ስትገቢ 'ስንት?' ብትዪኝ 'ሦስት' አልኩሽ። ፊትሽ ጠቆረ፤ እራትም ሳትበዪ ተኛሽ። በማግሥቱ 'ሃያ' አልኩሽ። ያን ጊዜ ፊትሽ ሲበራ ማየት ነበረብሽ! ሲነጋ ወጥተሽ፣ ያን ሁሉ ሰው ስታስለኪ ውለሽ፣ ደክመሽ ነው የምትገቢው። እኔ ምን አለኝ የምሰጥሽ? ሃያ እልሻለሁ።»

እትዬ ድገሙት ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች። አምስቱንም ደብተር አወጣች። ገለጠች፤ መጀመሪያው አካባቢ ካለችው ከአንዲት ሦስት በቀር ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። እናቷ በጉንፋን ተኝተው የከረሙበት ሳምንትም ሃያ ነው። አንድ ቀን እንኳ አሥራ ዘጠኝ የለም፣ አንድ ቀን እንኳ ሃያ አንድ የለም። የትኛውም የመጀመሪያ ሳምንት ሠልጣኝ ቢያመጣላት ሁለተኛውን ገጽ ሳትገልጥ ደብተሩን ትመልስለት ነበር። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ ራሷም አታውቀውም።

«ዛሬስ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እውነቱን።»

«ዛሬ አንድ። ነፋስ ገብቶ መስኮት ልዘጋ ተነስቼ።»

እስክሪብቶ አነሳች። ቀኑን ጻፈች፣ አጠገቡም አንድ ብላ ጻፈች። ከዚያች ሦስት ወዲህ ደብተሩ ላይ የገባ የመጀመሪያው እውነተኛ ቁጥር ሳይሆን አልቀረም። እናቷ በወንበሩ መደገፊያ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ሊነሱ ተዘጋጁ።

«ድገሚው አትዪኝም?» አሉ።

«አልልሽም እማዬ» አለች፣ ደብተሩን ዘግታ። «ተቀመጪ። እኔም ልቀመጥ።»